የጥንቷን ሩስ ጽሑፍ ስማር፦ አራተኛ ወር

ባለፈው ስጽፍላችሁ ሩስ (በኪየቭ ዙሪያ የነበረችው የጥንት የምሥራቅ አውሮፓ ስላቮች አገር) የምትጽፍባቸውን የሲሪሊክ ፊደላት ለይቼ ጨርሼ ነበር። በዚህ ወር ወደ ቁጥሮቹ ገባሁ። (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የጥንት ስላቮች ለቁጥር የተለየ ምልክት አልነበራቸውም። ፊደሉ ራሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥር መሆኑ እንዲታወቅ ከላዩ ትንሽ ሰረዝ ይደረግበታል። የመጀመሪያው ፊደል «አ» 1 ነው። ሁለተኛው «ብ» ግን ቁጥር የለውም፤ 2 የሆነው ሦስተኛው «ቭ» ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የማተሚያ ስህተት መስሎኝ ነበር። ለካ ነገሩ ከግሪክኛ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ግሪኮች ሁለተኛ ፊደላቸውን «ቪታ» ብለው ያነቡ ስለነበር «ቭ» ከነቁጥሩ ተወሰደ። ስላቮች የራሳቸው «ብ» ድምፅ ስላላቸው አዲስ ፊደል ጨመሩ፤ ቁጥር ግን አልሰጡትም። ስለ ቢዛንታይን (መዲናው ቁስጥንጥንያ ስለነበረው የግሪኮች መንግሥት) ተጽእኖ ብዙ ገጽ አንብቤአለሁ፤ የገባኝ ግን ይህችን ባዶ ቦታ ሳይ ነው። የተቀበሉት የትኛው እንደሆነ፣ ከራሳቸው የጨመሩት የትኛው እንደሆነ እዚያው ይታያል።

የእኛም ቁጥሮች የግሪክ ፊደላት ልጆች ናቸው። ፩፣ ፪ እና ፫ን ከአልፋ፣ ከቪታና ከጋማ ጎን አስቀምጣችሁ እዩአቸው፤ ፲ ኢዮታ ነው፣ ፻ ደግሞ ሮ። 12ን እኛ ፲፪ ብለን አሥሩን እናስቀድማለን። ስላቮች ሲናገሩ «ሁለት በአሥር ላይ» ስለሚሉ ሲጽፉም ሁለቱን ያስቀድማሉ።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። የሩስ ዜና መዋዕል የልዑል ቭላዲሚርን ጥምቀት በ6496 ዓመተ ዓለም ያስቀምጠዋል። በባሕረ ሐሳብ እንደለመድኩት 5500 ቀነስኩና 996 አገኘሁ። ይህ ደግሞ ኪየቭ ውስጥ የአሥራት ቤተ ክርስቲያን ተሠርታ ያለቀችበት ዓመት ስለሆነ ልክ መስሎኝ መዘገብኩት። በቁስጥንጥንያ አቆጣጠር ግን ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ያለው 5508 ነው፤ ከ6496 ላይ ሲቀነስ 988 ይሆናል። የእኛው ስሌት የሚሰጠው ዓመተ ምሕረት መሆኑንም ዘንግቼ ነበር። ማስታወሻዬን በሙሉ እንደገና አስላሁ። ሩስያ ይህን የቢዛንታይን አቆጣጠር የተወችው በታላቁ ጴጥሮስ ዘመን፣ በ1700 ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የያዘኝ ግን የኪየቭዋ ቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ11ኛው መቶ ዘመን በልዑል ያሮስላቭ ጊዜ ስትሠራ ሞዛይኩን የሠሩት የግሪክ ባለሙያዎች ነበሩ። ከመንበሩ በላይ እመቤታችን እጆቿን ዘርግታ ትጸልያለች፤ ቁመቷ ከ5 ሜትር በላይ ነው። በዙሪያዋ የተጻፈው ከዳዊት 45ኛው መዝሙር ነው፦ «እግዚአብሔር በመካከልዋ ነው፥ አትናወጥም»። የተጻፈው በግሪክኛ ነው። በዚያው መቶ ዘመን፣ በ1056 እና 1057፣ ዲያቆን ግሪጎሪ ለኖቭጎሮዱ ሹም ለኦስትሮሚር የጻፈው ወንጌል ግን በስላቭኛ ነው። ግድግዳው በግሪክኛ፣ መጽሐፉ በሕዝቡ ቋንቋ!

ይህ የሆነው ሩስ ስትጠመቅ የስላቭኛ መጻሕፍት ከቡልጋርያ ተዘጋጅተው ስለጠበቋት ነው። መጻሕፍትን ወደ ስላቭኛ መተርጎም የጀመሩት ወንድማማቾች ቄርሎስና ሜቶዲየስ ሥራውን ከጀመሩ መቶ ዓመት አልፎ ነበር። ጳጳሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ከቁስጥንጥንያ ነው፤ ያሮስላቭ በ1051 የአገሩን ሰው ሂላርዮንን መሾሙ እንደ ትልቅ ነገር የሚነሳውም ለዚህ ነው። በግእዝ እየቀደሰች ጳጳሷን ለዘመናት ከእስክንድርያ ያስመጣች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለሆንኩ ይህ ሁኔታ እንግዳ አልሆነብኝም።

በሚቀጥለው ወር በሥዕለ አድኅኖ ላይ ያሉትን ምሕጻረ ቃላት እጀምራለሁ። በእመቤታችን ሥዕል ግራና ቀኝ ያለው «የአምላክ እናት» የሚለው ጽሑፍ በሩስ ሠዓሊዎችም እጅ በግሪክኛ እንደተጻፈ ቆይቷል። ሌላው ብዙ ጽሑፍ ሲተረጎም ይህ ለምን እንደቀረ ያጠና ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።