«ላፕቶፕ ማን አለው ልጄ?»

ሠንጠረዡ 43 ረድፍ ነበረው። ቁጥሩን የማልረሳው 41ዱን የሞላሁት ራሴ ስለሆንኩ ነው።

ለኦንላይን ክላስ የሚሆን ሶፍትዌር አወዳድራችሁ አንዱን ምረጡ ተባልን። ተማሪዎቹ በቡድን ነው የሚሠሩት፤ የሚገቡትም ከስልክ ነው። እኔና አንድ ባልደረባዬ ተመደብን። እሱ የሚፈልገውን ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር፤ ውድድሩ ለእሱ ለወጉ ያህል ነው። እኔ ግን የእውነት መስሎኝ ሌሊት ሁሉ ሠራሁ።

ዙም በነፃው 100 ሰው ያስገባል፣ 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቆርጣል። ጉግል ሚት ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን ነፃው 60 ደቂቃ ነው። ቢግብሉበተን በ2007 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ ከስብሰባ ይልቅ ለክፍል ታስቦ ስለተሠራ ብዙ ሰው አንድ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይችላል። አፕ መጫን አያስፈልግም፣ በብራውዘር ይከፈታል። ነፃ ነው ሲሉ ግን ሰርቨሩን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚሠራበትን ኮምፒዩተር፣ የሚያቆምና የሚንከባከብ ሰው አለ ማለታቸው ነው። ብሬክአውት ሩም፣ ማለትም ተማሪዎቹ በቡድን ተከፍለው የሚሠሩበት ትንሽ ክፍል፣ አለው? አዎ። ዋይትቦርድ? አዎ። በሞባይል ይሠራል? አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ያቺ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበረች። ደስ ትል ነበር።

ከዚያ ባልደረባዬ «ሁሉም ረድፍ እኩል ነጥብ አይያዝለትም» አለ። ልክ ነው። ግን የእሱ ሶፍትዌር የሚበልጥባቸው ረድፎች ሁሉ በአንድ ከሰዓት እጥፍ ነጥብ የሚያሰጡ ሆኑ። አሸናፊው ታወቀ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አልነበረም።

ለዴሞው፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ሠርተን ለምናሳይበት ቀን፣ አንዲት ነባር መምህርት ተጋበዙ። ሦስት ተማሪዎች አስከትለው መጡ። እኔ ላፕቶፔን ከፕሮጀክተሩ ጋር እያገናኘሁ ሳለ እሳቸው ስልካቸውን ከቦርሳ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ስክሪኑ አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል።

«በል፣ ክፍሉን እኔ ልክፈት» አሉ።

ከፈቱ። ልጆቹም ከየስልካቸው ገቡ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው።

«አሁን ቡድን ቡድን ላድርጋቸው። የት ነው ያለው?»

«ከታች ሦስቷን ነጥብ ይንኩና... እዚያ ውስጥ።»

«ነካሁ። የለም።»

«ትንሽ ወደ ታች ይሂዱ።»

«ሄድኩ። የለም።»

ተነስቼ ከጎናቸው ቆምኩ። ሜኑውን ወደ ላይ አደረግኩት፣ ወደ ታች አደረግኩት፣ ወጥቼ ገባሁ። እውነትም የለም። በዚያን ጊዜ ተማሪ ከስልክ ሆኖ የተመደበበት ቡድን ውስጥ ይገባል እንጂ፣ አስተማሪ ከስልክ ሆኖ ቡድን አይፈጥርም ነበር። ይህንን ከመመሪያው አንብቤዋለሁ። አንብቤውም አልፌዋለሁ፤ በእኔ ሐሳብ አስተማሪ ማለት ላፕቶፕ ፊት የተቀመጠ ሰው ነበራ።

«ችግር የለም፣ ከላፕቶፕ ሲገቡ ይመጣል» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ላፕቶፕ ማን አለው ልጄ?»

ልጄ ያሉኝ በፍቅር ይሁን በንቀት እስካሁን አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ፊቴ መቅላቱ ነው። ዝም ብል ጥሩ ነበር። እኔ ግን «ተማሪዎቹ ከስልክ መግባት ይችላሉ እኮ፣ ሠንጠረዡ ላይ አለ» አልኩ።

«መግባትማ ይገባሉ። ማን ይመድባቸዋል?»

ባልደረባዬ በዚህ ሰዓት የፕሮጀክተሩን ገመድ በጥሞና ይመረምር ነበር።

ላፕቶፔን ይዤ ቡድኖቹን ራሴ ፈጠርኩ። ከዚያ ወደ ዋይትቦርዱ። የአበባ ሥዕል ተለጥፎበታል፤ ክፍሎቹን በየስማቸው መሰየም ነው ሥራው። በፕሮጀክተር ግድግዳውን የሞላው አበባ ስልኩ ላይ ጥፍር አክሏል። አንዷ ልጅ ሥሩ ላይ ልትጽፍ ስትነካው ሥዕሉን ጠቅልላ ወደ ጥግ ይዛው ሄደች። እንደገና ሞከረች። ኪቦርዱ ብቅ አለና የስክሪኑን ግማሽ ዋጠው፤ የቀረው ግማሽ ላይ የጓደኛዋ ፊት ነበር። አበባው የት እንደገባ አላውቅም። አንዱ ልጅ ጋ ደግሞ ስልክ ተደወለ። ማይኩ ተቋረጠ። አናግሮ ሲመለስ ቡድኑ ውስጥ የለም፤ ዋናው ክፍል ውስጥ ብቻውን ተገትሯል።

መምህርቷ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ እሳቸው የሠሩትን አየሁ። ብሬክአውት የሚባለውን ነገር ተዉት። ለእያንዳንዱ ቡድን ለየብቻው አንድ ሊንክ ላኩ፣ ከአንዱ ወጥተው ወደሌላው እየገቡ ያዩዋቸዋል፤ በእግር ወንበር ለወንበር እንደመዞር። ቪዲዮ የለም፣ ድምፅ ብቻ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ድምፅ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ቢወስድ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ቪዲዮ በ500 ኪሎቢት ሲሄድ 225 ይደርሳል። እሳቸው ሒሳቡን አልሠሩም። ልጆቹ ሰዓቱ ሳያልቅ ዳታ ሲያልቅባቸው አይተው ነው ያወቁት። ለሰሌዳ ደግሞ አንድ የጋራ ሰነድ፤ በየቡድኑ አንድ ጸሐፊ ብቻ ይተይባል፣ ሌሎቹ ይናገራሉ። ከ43ቱ ረድፍ ውስጥ ይህንን የሚመስል አንድም አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ስብሰባ ላይ ባልደረባዬ «መጀመሪያ ስልኩን አስቡ» የሚል ስላይድ ከፈተ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? መምህርቷ ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ።

እኔ ግን ትምህርቱን ወስጃለሁ። ያን ሳምንት ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ሠራሁት። «በሞባይል ይሠራል» የምትለዋን ረድፍ አጠፋሁና እያንዳንዱን ነገር ለሁለት ከፈልኩት፦ ተማሪ ከስልክ፣ አስተማሪ ከስልክ። በብራውዘር ለብቻ፣ በአፕ ለብቻ። ስልክ ሲደወል ምን ይሆናል የሚልም ገባ። 43ቱ ረድፍ 97 ሆነ። አምሮልኝ ነበር። እንዲያዩልኝ መጀመሪያ ለመምህርቷ ላክሁላቸው።

መልሳቸው ወዲያው ነው የመጣው።

«ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። በስልኬ ስከፍተው ግን የሚታየኝ የመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ነው።»