ሐይቅ ዳር ውድድር ላይ ዋልን

ዛሬ እዚህ እንግሊዝ አገር ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የዓሣ ማጥመድ ውድድር ላይ ዋልኩ። ሐይቁ በክፍያ የሚጠመድበት ነው። ጠዋት ዕጣ ይወጣል፤ የት እንደምትቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። ፊሽካ ተነፋ፣ ከዚያ ጸጥ!

ባልደረባዬ 13 ሜትር የሚረዝም የካርቦን ዘንግ ይዟል። መንጠቆው ላይ አንድ ፍሬ በቆሎ ብቻ። ዓሣ መንከሱን የምታሳየው ተንሳፋፊ ስልም ስትል ዘንጉ ውስጥ ያለው ላስቲክ ተለጠጠ። ዘንጉን ወደ ኋላ እየሳበ፣ ክፍሎቹን እየነቀለ አሳጠረውና ካርፕ የሚባል ወፍራም ዓሣ በመረብ አወጣ። ልቤ ቀጥ ልትል!

የወደድኩት ግን አያያዛቸውን ነው። መንጠቆው ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ ስለሌለው ቶሎ ይወልቃል። ዓሦቹ ውሃ ውስጥ በተዘረጋ ረጅም መረብ ይቆያሉ። ማምሻውን ተመዝነው በሕይወት ይለቀቃሉ። አንድም ለድስት አይሄድም። ዝዋይ ዳር ላደገ ሰው ይገርማል፣ ግን እውነቴን ነው፣ ደስ ይላል። በሚቀጥለው ውድድር እኔም ዕጣ አወጣለሁ።