ታካሚዋን በሆስፒታል ያቆየው መድኃኒት

በቀዶ ሕክምና ዋርድ በክሊኒካል ፋርማሲስትነት ስሠራ፣ የቀዶ ሕክምና ቁስላቸው ያመረቀዘባቸው አንዲት እናት ተኝተው ይታከሙ ነበር። ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና በካልቸር (ተህዋስን በላቦራቶሪ አሳድጎ በሚለይ ምርመራ) ሲታይ ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ተህዋስ ስለተገኘበት ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተጀመረላቸው፤ መግሉም ተከፍቶ ወጣ፣ ትኩሳታቸው ወረደ፣ ምግብም ይበሉ ጀመር። ከዚያ በኋላ ግን በየማለዳው ስንጎበኛቸው «ልጄ፣ እኔ እኮ ድኛለሁ፤ ምን ያስቀምጠኛል?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ በሆስፒታል ያቆያቸው ሕመሙ ሳይሆን መድኃኒቱ ነበርና። ቫንኮማይሲን ሲዋጥ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም ስለማይገባ እንዲህ ያለውን የቁስል ኢንፌክሽን የሚያክመው በደም ሥር ሲሰጥ ነው፤ በዚያ ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በደም ውስጥ ያለውን መጠንም ሆነ የኩላሊቱን ሥራ በምርመራ መከታተል ያስፈልጋል። ክንዳቸው ላይ የቆየው ካኑላ (መድኃኒቱ ወደ ደም ሥር የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ራሱ ለሌላ ተህዋስ መግቢያ ሊሆን መቻሉም ያሳስበኝ ነበር። ለዚሁ ተህዋስ የሚሰጠው ሌላው መድኃኒት ሊኔዞሊድ ግን ሲዋጥ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ስለሚገባ፣ በደም ሥርም በክኒንም መጠኑ አንድ ነው፦ 600 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ።

ወደ ሊኔዞሊድ ክኒን ይቀየርላቸው የሚለውን ሐሳብ በዋርድ ጉብኝት ላይ ሳቀርብ የቡድኑ ከፍተኛ ሐኪም «ክኒን ለእንዲህ ያለ ተህዋስ አቅም ያንሰዋል» ብለው ሰጉ። ስጋታቸውን ቀላል አድርጌ አላየሁትም፤ ተህዋሱ ደም ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ለውጡን አላነሣም ነበር። ስለዚህ አብረን አጣራን፦ የደም ካልቸራቸው ንጹሕ ነው፤ ላቦራቶሪው ሊኔዞሊድ በተህዋሱ ላይ እንደሚሠራ አረጋግጧል፤ ፕሌትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚረዱት የደም ሴሎች) አልቀነሰም፤ ከሊኔዞሊድ ጋር ሲደረብ ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ከልክ በላይ ሊያበዛ የሚችል የድብርት መድኃኒትም አይወስዱም። ሐኪሙ ተስማሙ። መድኃኒቱ የደም ሴሎችን ሊቀንስ ስለሚችል በየሳምንቱ የደም ቆጠራ እንዲያደርጉ ቀጠሮ ተይዞላቸው፣ ቀሪውን ሕክምና በቤታቸው ሊጨርሱ በማግስቱ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በዋርዳችን የካልቸር ውጤት በመጣበት ቀን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ታካሚው ሲያገግም ወደሚዋጥ መድኃኒት መቀየር ይቻል እንደሆነም በካርዱ ላይ ይጻፋል። እንደ ሜሮፔኔም ያለ በመርፌ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ለቀረላቸው ታካሚዎች ደግሞ ቆይታቸው ሊረዝም እንደሚችል ለእነርሱም ለቤተሰባቸውም ከመጀመሪያው ይነገራል።