የካሌብን ጦር ጠረጴዛዬ ላይ ሳሰልፍ

ለጠረጴዛ ላይ ጦርነት ጨዋታ መጀመሪያ የሠራኋቸው 8 ትንንሽ አሻንጉሊት ወታደሮች የአክሱም ሳይሆኑ የዓድዋ ነበሩ። እኔ ግን አልነቃሁም። ጎፈር አድርጌላቸው፣ ለምድ ደርቤላቸው፣ ጋሻቸውን አስጊጬ ስጨርስ በጣም ኮራሁ። ጓደኛዬ አያቸውና "ጠመንጃቸውስ?" አለኝ።

የፈለግኩት ንጉሥ ካሌብ በ525 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ቀይ ባሕርን አሻግሮ በዛሬዋ የመን የነበረውን የሒምያርን መንግሥት የወጋበትን ጦር ነበር። ዓይኔ ግን ከልጅነቱ የጠገበው የዓድዋን ሥዕል ነው። እጄም ያንኑ ሠራ።

እንደገና ስጀምር ወደ ሳንቲሞቹ ሄድኩ። በወርቆቹ ላይ ንጉሡ በአንዱ ገጽ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ራሱን በጨርቅ አስሮ፣ ግራና ቀኙን በእህል ዛላ ተከቦ ይታያል። ከዔዛና ወዲህ የጨረቃው ምልክት ቀርቶ መስቀል ገብቷል። ስለዚህ የካሌብ ሰዎች ጋሻ ላይ መስቀል ብስል ያን ያህል አላፍርም። የቢዛንታይኑ ጸሐፊ ማላላስም የንጉሡን አለባበስ ጽፎታል። ከወገብ በላይ እርቃኑን ነው፤ ወርቅ የገባበት በፍታ አሸርጧል፤ ትንሽ በወርቅ የተለበጠ ጋሻና ሁለት ጦር ይዟል፤ የቆመውም አራት ዝሆኖች ባሉት ከፍ ያለ ሰረገላ ላይ ነው።

መነሻ ያደረግኩት ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር የሆኑ የኑሚዲያ (የጥንት ሰሜን አፍሪካ) እግረኛ አሻንጉሊቶችን ነው። የደረታቸውን ልብስ በካተር ፋቅኩት። ሽርጡን የሠራሁት ሲደርቅ ከሚጠነክር ባለሁለት ቀለም የቅርጽ ሊጥ ነው። ሰማያዊውና ቢጫው እኩል ሲታሹ አረንጓዴ ይሆናሉ። ጣትህን ውሃ ካላስነካህ እንደ ማስቲካ ይጣበቅብሃል። የፕላስቲኩ ጦር ገና ሲነካ ስለሚሰበር በሽቦ ቀየርኩት፤ ጫፉን በመዶሻ ቀጥቅጬ በሞረድ አሾልኩት።

ዝሆኑ ግን አሳሬን አበላኝ። ሳላስተውል የሕንድ ዝሆን ገዝቻለሁ፤ ጆሮው ትንሽ ነው። በሊጥ ላሰፋው ስል በማግስቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በመጨረሻ የለስላሳ ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጬ፣ በሱፐር ግሉ አጣብቄ፣ ላዩን በስሱ ሊጥ ቀባሁት። አራት ዝሆን መግዛት ኪሴ ስላልቻለ በሁለት ጨረስኩ። ካሌብ ይቅር ይበለኝ።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። የቆዳውን ቡናማ ከጠርሙሱ እንዳለ ቀብቼ፣ በውሃ በቀጠነ ጥቁር ቀለም ሳጥበው ሁሉም ከከሰል ማዳበሪያ የወጡ መሰሉ። ጥቁሩን ተውኩት። አሁን ከጥቁር ቡናማ እነሳና ጉንጭ፣ ትከሻና ጉልበት ላይ ቀላ ያለ ቡናማ እጨምራለሁ። ደግሞ ሁሉንም አንድ ዓይነት አላደርግም። የእኛ ሰው ጠይም አለው፣ የቀይ ዳማ አለው፣ ጠቆር ያለም አለው። ሦስት ቅልቅል አዘጋጅቼ እያፈራረቅኩ ቀባሁ። ሰልፉ ወዲያው ነፍስ ዘራ። ነጩን በፍታ በነጭ መጀመር ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው፤ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ከአመድማ ተነስቼ ነጩን እጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ አሳርፋለሁ።

የምንጫወተው ዲቢኤ የሚባለውን የጥንት ጦርነት የጠረጴዛ ጨዋታ ስለሆነ ለአንድ ጦር 12 መቆሚያ (ወታደሮቹ የሚጣበቁበት ሰሌዳ) ይበቃል። አሥራ ሁለቱንም ለመጨረስ ሰባት ወር ፈጀብኝ። 8ቱ የዓድዋ ሰዎች አሁንም መደርደሪያው ላይ ቆመዋል። ጣሊያን እየፈለግኩላቸው ነው።