የክንድ መለኪያ በወሎ እናቶች እጅ፦ ጥናቱን ወደ ሥራ የለወጥንበት መንገድ

የሕፃናትን አጣዳፊ የምግብ እጥረት ቀድሞ ለመለየት መነሻ ያደረግሁት ማስረጃ የኒጀር ነው። በዚንደር ክልል ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የልጃቸውን ክንድ ራሳቸው የሚለኩ እናቶችን ከማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ጋር አነጻጽሯል። እናቶቹ የለዩዋቸው ልጆች ብዙ ሳይጎዱ ሕክምና ጀመሩ፤ ሆስፒታል መተኛት ያስፈለጋቸውም ያነሱ ነበሩ። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ ዘግይቶ በታየበት በወሎ ምድር ቀድሞ ማየት ለእኔ የሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሥራውን የምጀምረው ከመጨረሻው ጫፍ፣ ከጤና ኬላው መጋዘን ነው። ለተጎዱ ልጆች ለሕክምና የሚሰጠው፣ ሰው ፕላምፒናት የሚለው የኦቾሎኒ ምግብ አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ሰባት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ልጅ በቀን ሦስት ያህል፣ በሳምንት 21 ይፈልጋል። ካርቶኑ 150 ስለሚይዝ ለአንድ ልጅ ሰባት ሳምንት ገደማ ይበቃል። ክምችቱ በዚህ ስሌት ሳይታይ ለእናቶች የክንድ መለኪያውን ባለ ቀለም ጥብጣብ አላድልም። ልጇን አዝላ ዳገት ቁልቁለቱን አቋርጣ የመጣች እናት ባዶ እጇን ከተመለሰች ዳግም አትለካም፤ ጎረቤቶቿም አይለኩም።

የክንድ ዙሪያ ልኬቱ ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ልጆች ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ (ከባድ የምግብ እጥረት)፣ ከ11.5 ጀምሮ 12.5 እስኪሞላ ቢጫ (መካከለኛ)፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ (ደህና)። በትከሻና በክርን መካከል ያለውን ቦታ እናቶች በዓይን ቢገምቱት ይበቃል። በደጋው ይበልጥ የሚያስቸግረው ልብስ ነው። በብርዱ ምክንያት ልጁ ደራርቦ ስለሚለብስ እናት እጅጌውን ወደ ላይ ትሰበስባለች፤ የተጠቀለለው ጨርቅ ክንዱን ያንቀዋል፣ ጥብጣቡንም ወደ ክርኑ ይገፋዋል። እጁን ከእጅጌው ጨርሶ ማውጣት ነው። ቆዳው ከተሸበሸበ ጥብጣቡ ጠብቋል፤ ደህናው ልጅ ቀይ ይሆናል። ከላላ ደግሞ የተጎዳው አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል፤ ይህኛው የከፋ ነው። እብጠትም አብሮ ይታያል፦ የሁለቱም እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ተጭኖ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ክንዱ አረንጓዴ ቢሆንም ልጁ ወዲያው ወደ ጤና ኬላ ይሄዳል። እብጠት ያለበት ልጅ የወፈረ ስለሚመስል ይህን የማያስተምር ሥልጠና ጎዶሎ ነው።

ወደ ማኅበረሰቡ የምገባው በቅሬ በኩል ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት ስለሆነ ቃሉ ይሰማል። አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አልደግፍም፤ የፕሮጀክቱ በጀት ሲያልቅ እሱም ይበተናል። ቅሬው ፈቃዱንና ድጋፉን ይስጥ እንጂ ሥልጠናው እዚያ አይሁን፤ ወንዶች በሚበዙበት ስብሰባ እናቶች አይጠይቁም። ቡና ላይ ይሻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በአቦል ታሳያለች፤ በረካ እስኪቀዳ እያንዳንዷ እናት የራሷንና የጎረቤቷን ልጅ ትለካለች። ልጄ በሰው ፊት ሲለካ ዓይን ይገባዋል ብላ የምትሰጋ እናት ቤቷ ሆና መለካቷ ያሳርፋታል። በባቲ ዙሪያ ሰኞ ቀጠሮ አይያዝም፤ ገበያ ነው።

በወር አንዴ መለካት መነሻው ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ሰብሉ ይወስናል። በልግ የሚጠብቁት የደላንታና የደሴ ዙሪያ ደጋዎች እህሉ እስኪደርስ፣ ማሽላ የሚዘሩት የቆቦና የባቲ ቆላዎች ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በየሁለት ሳምንቱ እንዲለኩ አደርጋለሁ።

የጤና ኬላውን መዝገብ ስከፍት በቅድሚያ የማየው የልኬቶቹን የመጨረሻ አሃዝ ነው። 11.0፣ 11.5፣ 12.0 ከበዙ ልኬቱ ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እየተጠጋጋ ይጻፋል ማለት ነው፤ ባለሙያዎቹ 10 ልጆችን ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተው ልዩነቱ ይታያል። ቀጥሎ ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መስፈርት አለ፦ የዳኑ ከ75 በመቶ በላይ፣ ሕክምናውን ያቋረጡ ከ15 በመቶ በታች። ያቋረጡት ሲበዙ ብዙ ጊዜ እናቶች ይወቀሳሉ። እኔ ግን ከምግቡ መቋረጥና ከአጨዳው እጀምራለሁ። በአጨዳ ወራት ሳምንታዊውን ቀጠሮ ወደ ሁለት ሳምንት ማራዘምና ራሽኑን እጥፍ መስጠት ይረዳል፤ ለዚህም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር አጨዳው ሳይደርስ መነጋገር ያስፈልጋል።