ሐይቁ የተገላበጠ ዕለት

ቢሾፍቱ ከተማ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለ ሎጅ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ እሠራ ነበር። ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ የማይጠይቅ እንግዳ የለም፤ እኔም የሸመደድኳት መልስ ነበረችኝ፦ «ካልዴራ ነው፣ የተደረመሰ እሳተ ገሞራ፤ ከሥር እሳቱ አሁንም ይነዳል።» እሳቱ የራሴ ቅመም ነበር። እንግዳ ይወዳታል።

አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ጃኬቴን ሳላወልቅ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ተቀበለኝ። ወደ ውኃው ስወርድ ቆሮሶ ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ከፊሎቹ ነጭ ሆዳቸውን ሰጥተው ተንሳፍፈዋል።

በረንዳ ላይ የቆሙ እናት «ልጄ፣ ምን ጉድ ነው?» አሉኝ። አላውቅም ማለት አቃተኝ። «ያው የነገርኩዎት እሳት ሳይቀሰቀስ አይቀርም» አልኳቸው።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ሪሴፕሽኑ በሻንጣ ተሞላ። አንዱ ከስልኩ ላይ የካሜሩኑን የኒዮስ ሐይቅ ጉድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፦ በ1986 እ.ኤ.አ. ከሐይቁ በወጣ ጋዝ 1,700 ገደማ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ማንን ላረጋጋ? አለቃዬ የሁሉንም ብር መለሰና ዞሮ አየኝ። ምንም አላለም፤ ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

አንድ እንግዳ ብቻ ሻያቸውን እየጠጡ ቀርተው ነበር። ሐይቅ የሚያጠኑ አዛውንት ናቸው። «ና፣ ጀልባውን ያዝልኝ» ብለው ወሰዱኝ። መሐል ስንደርስ በገመድ የታሰረ የናሙና ዕቃ ወደ ታች ሰደዱ፤ ሠላሳ ሜትር ያህል ወርዶ ሲወጣ ውኃው ጥርት ያለ ነው። «አሽትተው» አሉኝ። አሸተትኩት። ያው የጠዋቱ እንቁላል!

«ሐይቁ 87 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ነፋስ ደህና አድርጎ አያናውጠውም። ሞቃቱ ውኃ ላይ፣ ቀዝቃዛው ታች ተለያይተው ይከርማሉ። ታች ኦክስጅን ያልቃል፤ የበሰበሰው ነገር ሁሉ ይሄን ሽታ ያጠራቅማል። በዚህ ወቅት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ሲበርድ የላዩ ውኃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። የታቹ ደግሞ ይወጣል። ዓሣው ታፈነ እንጂ አልተቀቀለም።»

«ኒዮስስ?» አልኩ።

«እዚያ ከማግማ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሐይቁ ሳይገላበጥ ለብዙ ዘመን ታች ተጠራቀመ። ይሄኛው በየዓመቱ ሂሳቡን ይዘጋል።»

ካልዴራ ማለቴንም አልማሩኝም። ካልዴራ የሻላ ሐይቅ ነው፤ ከሥር የነበረው ቅልጥ ዐለት ተተፍቶ ሲወጣ ጣሪያው ተደርምሶ የተፈጠረ፣ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ። የቢሾፍቱው ግን ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በፍንዳታ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። በሙያው ስሙ «ማር» ይባላል። የሚላሰው እንዳይመስላችሁ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።

በዓመቱ፣ ገና ሲቃረብ፣ እኚያ እናት ክፍል ሊይዙ ደወሉ።

«ዘንድሮስ እሳቱ ተኝቷል?»

«እሳቱስ ተኝቷል እማማ። ሐይቁ ግን ሰሞኑን ሊገላበጥ ይችላል፤ ከጥምቀት በኋላ ቢመጡ ይሻላል።»

ትንሽ ዝም አሉና «ዘንድሮ ማን ነገረህ?» አሉኝ።