የአንድ ምሽት ፕሮግራም ከመደርደራችሁ በፊት

ማስታወቂያ በማይተላለፍበት የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ የአንድ ሙሉ ምሽት መርሐ ግብር አውጣ ተባልኩ። የልጆች ፕሮግራም፣ ዜና፣ ዘጋቢ ፊልም፣ ድራማ፣ ውይይት፣ ሙዚቃ። የልጆቹን ወዲያው ጨረስኩ። የዜናን ሰዓት ማንም አይነካውም። ዘጋቢ ፊልሙን ከዜናው ጀርባ ለጠፍኩት፤ ፈልጎት የማይመጣ ሰው እንኳ ዜና አይቶ እዚያው እንደተቀመጠ ያየዋል።

ድራማው ትንሽ አለፋኝ። ለንግድ ጣቢያ የተሠራ የ“አንድ ሰዓት” ድራማ ማስታወቂያው ሲወጣለት 45 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረውን በአጫጭር ፊልሞች ሞላሁት። ሲኒማም ያታልላል። በሰከንድ 24 ምስል የተቀረጸ ፊልም በሰከንድ 25 ሲለቀቅ ይፈጥናል፤ 100 ደቂቃው 96 ይሆናል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ ራሳችሁ ለኩ።

ጣጣው የመጣው በውይይቱ ነው። ቀጥታ ሥርጭት ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይሁን አልኩ። ኃላፊያችን ከድራማው በፊት ይግባ አሉ። “ሰው የሚበዛው ያኔ ነው። በሰዓቱ ያልቃል፣ አታስብ።”

አላለቀም። እንግዳው ባለሥልጣን ነበሩ። አቅራቢዋ “ባጭሩ” ስትላቸው “ሦስት ነጥብ አለኝ” አሉ። ዳይሬክተሩ በጆሮ ማዳመጫዋ “ዝጊ፣ ዝጊ!” ይላል። እሷ ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ሥርጭቱን ወደ አየር ከሚለቀው ክፍል፣ ከማስተር ኮንትሮል፣ ስልክ በስልክ ሆነ። ኃላፊያችን ከኋላዬ ቆመዋል። “እንቁረጥ?” አልኳቸው።

“ማንን?” አሉኝ።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሩብ ሰዓት አለፈ። የንግድ ጣቢያ ቢሆን ማስታወቂያ ወደ ሌላ ሰዓት ገፋ አድርጎ ይተነፍሳል። እኛ ግን የምንቆርጠው ፕሮግራሙን ራሱን ነው። አጫጭር ፊልሞቹ ቀሩ። ድራማው ዘገየ። ሙዚቃው እኩሌታው ላይ ተቋረጠ፤ ሙዚቀኞቹ ቤተሰብ ሰብስበው ሲጠብቁ ነበር ያመሹት። በማግስቱ “ሰዓት ባለማክበር” የሚል ደብዳቤ ለማን የተጻፈ ይመስላችኋል? ለእኔ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሰዓት ደርሷል ብሎ ዝም ብሎ መቁረጥም መፍትሔ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1968 የአሜሪካው ኤንቢሲ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ለምሥራቁ ክፍል ተመልካቾች አቋርጦ የልጆች ፊልም ለቀቀ። የኦክላንድ ቡድን ሲመራ የነበረውን የኒው ዮርክ ቡድን ሁለት ጊዜ አስቆጥሮ ያሸነፈው በዚያችው በቀረችው ደቂቃ ነው። የጣቢያው የስልክ መስመር በጥሪ ብዛት ተጨናንቆ ሥራ አቆመ።

የጣቢያችን መመሪያ ሁሉም ፕሮግራም በሙሉ ሰዓት ወይም በግማሽ ይጀምር ይላል። ለተቀረጸ ነገር ይሁን። ከቀጥታ ሥርጭት በኋላ ግን ቢወጣ ማንም የማያዝንበት ነገር አስቀምጡ፤ የሰው ልፋት ያለበትን ድራማ ወይም ሙዚቃ በፍጹም። የመቁረጥ ሥልጣን የማን እንደሆነም ቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ። እኔ አሁን ከድራማ በፊት ቀጥታ ውይይት ይግባ ሲሉኝ “ቢረዝም የማስቆርጠው እኔ ነኝ” የምትል ወረቀት አቀርባለሁ። ካልተፈረመ ውይይቱ መጨረሻ ላይ ይሄዳል። እስካሁን የፈረመ የለም።